«የደም ምርመራዬ ‹ፖዘቲቭ› አለ፤ ልጄ ዳውን ሲንድረም አለባት ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ሲሆን 12 ሳምንት ከ3 ቀን ሆኖኛል። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ የልጁን ጾታ ቶሎ የሚያሳውቅ የደም ምርመራ አለ ስትለኝ እሺ ብዬ ሰጠሁ። ውጤቱ ማታ ላይ ስልኬ ላይ መጣ። ሴት ናት ይላል። ከሥሩ በቀይ ‹ትራይሶሚ 21፦ ሃይ ሪስክ› ይላል። ምርመራው 99 በመቶ ትክክል ነው የሚልም አለበት። በማግስቱ ክሊኒኩ ደውሎ ከሆዴ በመርፌ ውሃ መወሰድ አለበት አለኝ። ጓደኞቼ ‹እኔንም እንደዚያ ብለውኝ ጤነኛ ልጅ ነው የወለድኩት፣ አትስሚያቸው› ይላሉ። ባለቤቴ መርፌው ልጁን ይገድላል ብሎ ፈርቷል። አማቴ ደግሞ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም አለችኝ። ምን ላድርግ? አዲስ አበባ ያለችው እህቴም ልታረግዝ እያሰበች ነው። እሷስ ይህን ምርመራ ማሠራት አለባት?»

መልስ፦ የሰጠሽው የደም ምርመራ ኤንአይፒቲ ይባላል። ውጤትሽ ላይ የተጻፈው «ትራይሶሚ 21» የዳውን ሲንድረም ሌላ ስሙ ነው፤ 21ኛው ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ ሲገኝ ነው። «ሃይ ሪስክ» የሚለውን ነው ሰው «ፖዘቲቭ» የሚለው። የማጣሪያ ምርመራ ነው። ማን በደንብ መታየት እንዳለበት ይለያል እንጂ በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም። ስለዚህ ልጅሽ ዳውን ሲንድረም ይኑርባት አይኑርባት እስካሁን የሚያውቅ የለም። ክሊኒኩ አያውቅም። ላቦራቶሪውም አያውቅም። «አትስሚያቸው» የሚሉሽ ጓደኞችሽም አያውቁም።

መጀመሪያ 99 በመቶውን እናጥራው፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የአንቺን ጥያቄ አይመልስም። የሚለው እንዲህ ነው፦ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው 100 ጽንሶች ቢኖሩ ምርመራው 99ኙን ያገኛቸዋል። አንቺ ማወቅ የምትፈልጊው ተገላቢጦሹን ነው። ፖዘቲቭ ከተባሉት ውስጥ እውነት ሆኖ የሚገኘው ስንቱ ነው? ይህ ደግሞ በእናትየው ዕድሜ በጣም ይለያያል።

በአንቺ ዕድሜ ያሉ 10,000 እርጉዞች በ12ኛው ሳምንት ደም ሰጡ እንበል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ጽንስ የያዙት በግምት 14 ቢሆኑ ነው። ምርመራው ሁሉንም ያገኛቸዋል ማለት ይቻላል። ከቀሩት ውስጥ ግን ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን በስህተት ፖዘቲቭ ይላቸዋል። እንግዲህ እንዳንቺ ያለ ውጤት የሚደርሳቸው ሃያ ገደማ ሴቶች ናቸው ማለት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ አንዷ በከንቱ ትደነግጣለች። ዕድሜሽ 40 ቢሆን ኖሮ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ እውነት ይሆን ነበር። 20 ቢሆን ደግሞ ግማሽ በግማሽ ገደማ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ይህን ቁጥር «ፒፒቪ» ብለው በትንሽ ፊደል ከታች ያስገቡታል። ወረቀትሽ ላይ ፈልጊው፤ ከሌለ ሐኪሙን ጠይቂ። ውጤታቸው ትራይሶሚ 18 ወይም 13 የሚል አንባቢዎች ካላችሁ፣ በወጣት እናቶች ላይ እነዚህ እውነት ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ከዚህም ያነሰ ነው። ጥቃቅን የክሮሞዞም ጉድለቶችን እንፈልጋለን የሚሉት ተጨማሪ ምርመራዎች ላይማ አብዛኛው ፖዘቲቭ ሐሰት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2022 ሰዎች በዚህ ምርመራ ብቻ እንዳይወስኑ አስጠንቅቋል።

ለምን ይሳሳታል? ደምሽ ውስጥ ገብቶ የተገኘው «የልጁ» ዲኤንኤ በትክክል ሲታይ የእንግዴ ልጁ ነው። ዴኒስ ሎ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የጽንስ ዲኤንኤ በእናት ደም ውስጥ እንደሚንሳፈፍ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ምርመራው ገበያ ላይ ወጣ። የእንግዴ ልጁና ልጁ ከአንድ የተዳቀለ እንቁላል ይምጡ እንጂ አንዳንዴ ይለያያሉ። የእንግዴ ልጁ ሴሎች ተጨማሪ ክሮሞዞም ይዘው ልጁ ላይ ግን ምንም ላይኖር ይችላል። መንታ ጀምሮ አንዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠፍቶ ከሆነም የእሱ ዲኤንኤ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። አልፎ አልፎ የተለየው የእናትየው የራሷ ክሮሞዞም ሆኖ ይገኛል። በእነዚህ ሁሉ ላቦራቶሪው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ያየውም ነገር አለ፤ ያየው ግን ልጁን አይደለም።

ይህን ያልኩሽ «እንግዲያው ሐሰት ነው» ብለሽ ወረቀቱን እንድትጥዪው አይደለም። ከሦስት ሁለት ብዙ ነው። «ዳውን ነው ብለውኝ ጤነኛ ወለድኩ» የሚለው ወሬ እዚህ አካባቢ ባሉ አበሾች ዘንድ በብዛት ይሰማል፤ ብዙውም እውነት ነው። ግን መቼ ነው የወለዱት ብለሽ ጠይቂ። ከአሥራ አምስት፣ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረው የደም ምርመራ ሌላ ነበር። የሆርሞንና የፕሮቲን መጠን ለክቶ የሚገምት ሲሆን፣ ከ100 ሴቶች 5 ያህሉን «አደጋ አለ» ይል ነበር። ከነዚያ ውስጥ የሚበዙት ልጆች ጤነኞች ነበሩ። ጓደኛሽ የምትነግርሽ ያንን ከሆነ የአንቺ ምርመራ ሌላ ነው፤ የእሷ ታሪክ ለአንቺ አይሠራም። ደግሞም እውነት ሆኖ የተገኘባቸው ሴቶች ለቅሶ ቤትና ክርስትና ላይ አያወሩትም። አንቺ የምትሰሚው የአንዱን ወገን ታሪክ ብቻ ነው።

«ጾታ ለማወቅ ብዬ ነው የሰጠሁት» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየጊዜው የምሰማው ነገር ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ከ2020 ጀምሮ ምርመራው በማንኛውም ዕድሜ ላለች እርጉዝ እንዲቀርብ ይመክራል። «ይቅረብ» ማለት «ይሠራ» ማለት አይደለም። ተብራርቶልሽ እምቢ ማለትም መብትሽ ነበር። በተግባር ግን የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ነርሷ በሩብ ሰዓት ውስጥ ክብደትሽን፣ ደም ግፊትሽን፣ ቫይታሚንሽን፣ ሽንትሽን፣ የኢንሹራንስ ወረቀትሽን ትጨርሳለች። የዘር ምርመራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ነርሶቹ ራሳቸው የሚነግሩኝ አለ፦ «ክሮሞዞም» ብለው ሲጀምሩ እናቶች ይደነግጣሉ፣ «ጾታ» ሲሉ ግን ፊታቸው ይበራል፣ ቱቦዎቹም ቶሎ ይሞላሉ። ሌሎች ደግሞ «አበሻ ሃይማኖተኛ ነው፣ አይፈልግም» ብለው ጭራሽ ሳይነግሩ ያልፋሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም። አንዷን ባላሰበችው ነገር ውስጥ ይከታታል፤ ሌላዋን መርጣ እምቢ የማለት ዕድል እንኳ ይነፍጋታል። አንቺ ግን ምንም አላጠፋሽም። ነርሷም ክፉ አልነበረችም፤ ጊዜ አልነበራትም።

ውጤቱ ከሐኪም ቀድሞ በማታ ስልክሽ ላይ መምጣቱም ምክንያት አለው። ከ2021 ወዲህ በፌዴራል ደንብ መሠረት የላቦራቶሪ ውጤት እንደወጣ ለታካሚው መለቀቅ አለበት። መብት ነው፤ ጥሩም ነው። ግን አርብ ማታ ቀይ ጽሑፍ አይቶ እስከ ሰኞ ብቻን መቃጠልን አምጥቷል። እርጉዝ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ደም ከመስጠታችሁ በፊት «ውጤቱን ማን ነው የሚነግረኝ? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። የስልኩን ማሳወቂያም መዝጋት ይቻላል።

አሁን ወደሚደረገው እንሂድ። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው፤ እሱም በዚህ ሳምንት። ተራ ክሊኒክ ውስጥ ሳይሆን የከፍተኛ ስጋት እርግዝና ስፔሻሊስት ጋ። እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ከልጅቷ ማጅራት ሥር ያለው ፈሳሽ ውፍረት ይለካል፤ አንቺ ለዚህ አሥር ቀን ገደማ ነው የቀረሽ። ጠፍቶ የነበረ መንታ ካለም ያን ጊዜ ሊታይ ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አልትራሳውንዱ «ሁሉም ደህና ነው» ቢል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ጽንሶች በዚህ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳዩም።

ሁለተኛው ማረጋገጫው ነው፤ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከእንግዴ ልጁ ትንሽ ናሙና መውሰድ ነው፤ እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ይሠራል። ሌላው አምኒዮሴንቴሲስ፣ ማለትም የሽርት ውሃ መውሰድ ነው፤ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ይሠራል። ሰው ቶሎ የሚያልቀውን ይመርጣል። አንቺ ግን የደም ምርመራው ያየው የእንግዴ ልጁን መሆኑን አስታውሺ። እንደገና እንግዴ ልጁን መመርመር ያንኑ ስህተት ሊደግመው ይችላል። የሽርት ውሃው ውስጥ ያሉት ሴሎች የልጅቷ የራሷ ናቸው፤ ከቆዳዋና ከሽንት ቧንቧዋ የረገፉ። ስለዚህ አልትራሳውንዱ ላይ ግልጽ ምልክት ከታየ የመጀመሪያው ያስኬዳል። ምንም ካልታየ ግን እስከ 16ኛው ሳምንት ጠብቀሽ አምኒዮውን አሠሪ። ሦስት ሳምንት ተኩል መጠበቅ ከባድ ነው፤ የሚገኘው መልስ ግን የጠራ ነው።

ባለቤትሽ የፈራውን መርፌ በተመለከተ፦ ጀርባሽ ላይ ትተኛለሽ። ሆድሽ በፀረ ጀርም ይጠረጋል። አንድ ሰው አልትራሳውንዱን ይዞ ልጅቷን እያየ፣ ሐኪሙ ከእሷ ርቆ ውሃው ባለበት ያስገባል። መርፌው ረዥም ነው፤ ውፍረቱ ግን ክንድሽ ላይ ደም ከሚቀዳበት ብዙም አይለይም። የሚወሰደው 20 ሚሊ ሊትር ያህል፣ አራት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ቢጫማ ውሃ ነው፤ ሰውነትሽ ይተካዋል። መርፌው ሆድሽ ውስጥ የሚቆየው አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። በለመደ እጅ ሲሠራ በዚህ ምክንያት ጽንሱ የመውረዱ አደጋ ከ1,000 ከ1 እስከ 3 አካባቢ ነው። ዜሮ አይደለም፤ ዜሮ ነው የሚልሽን አትመኚ። «ይገድላል» ከሚለው ግን እጅግ ይርቃል። የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ (አርኤች ኔጌቲቭ) ከሆነ ከሂደቱ በኋላ መከላከያ መርፌ ያስፈልግሻል። ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ቢ ካለብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ቫይረሱ በመድኃኒት ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። ከተሠራልሽ በኋላ ትኩሳት፣ የሚፈስ ውሃ፣ ደም ወይም የማያቆም ቁርጠት ካየሽ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ደውዪ።

ፈጣኑ ውጤት በሁለት በሦስት ቀን ይደርሳል። ሙሉው የክሮሞዞም ምርመራ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ፈጣኑን አይታችሁ ሙሉውን እንዳትተዉት። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 95 በመቶ ያህሉ በአጋጣሚ የሚመጣው ዓይነት ነው። ጥቂቶቹ ላይ ግን 21ኛው ክሮሞዞም ከሌላ ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ ይህኛው ከወላጅ ሊወረስ ስለሚችል ለሚቀጥለው እርግዝናሽ ማወቁ ይጠቅማል።

አማትሽ ያሉትን እዚሁ ልመልስ። «በእኛ ዘር የለም» ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚለውጠው ነገር ግን ያን ያህል የለም። አብዛኛው ጊዜ ይህ ከዘር የሚወርድ አይደለም። እንቁላሉ ወይም የወንዱ ዘር ሲሠራ አንድ ክሮሞዞም ሳይለያይ ይቀራል፤ በቃ። ጾም ስለጾምሽ አይደለም። እርጉዝ መሆንሽን ሳታውቂ በጠጣሽው መድኃኒት አይደለም። ቡዳም እርግማንም አይደለም። የዕድሜ ነገርም ቢሆን፣ ዕድሉ በዕድሜ ይጨምር እንጂ ብዙ የሚወልዱት ወጣቶች ስለሆኑ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚወለዱት ከ35 ዓመት በታች ካሉ እናቶች ነው።

ማረጋገጫውን አልፈልግም ማለትም ትችያለሽ። «የሰጠኝን እቀበላለሁ፣ ማወቁ ምንም አይለውጥልኝም» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ሐኪም ሊያከብረው የሚገባ መልስ ነው። ክሊኒኩ «መወሰድ አለበት» ያለሽ ልክ አይደለም፤ ግዴታ የለብሽም። ይህን ከመረጥሽ ግን ቀጠሮሽን አትተዪ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ስለዚህ ከ18 እስከ 22 ባለው ሳምንት የጽንስ ልብ አልትራሳውንድ ያስፈልግሻል፤ የምትወልጂውም የሕፃናት የልብ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ይሁን። ልጅቷ ከተወለደች በኋላ በትንሽ ደም ይረጋገጣል።

ውጤቱ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ዳውን ሲንድረም የአእምሮ እድገት መዘግየት ያመጣል፤ ብዙዎቹ ላይ ቀላል ወይም መካከለኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 አማካይ ዕድሜያቸው 25 ነበር፤ አሁን 60 ደርሷል። ለውጡን በዋናነት ያመጣው የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። አዲስ አበባም ውስጥ ዛሬ እንደ ዲቦራ ፋውንዴሽን ያሉ በዚሁ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ልጁ ጓዳ ይደበቅ የነበረበት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ባያልፍም እየተለወጠ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደጉ ወላጆችን አነጋግሩ፤ ሐኪም የሚነግራችሁ የሕመሙን ዝርዝር ነው፣ ኑሮውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እርግዝናውን ስለማቋረጥ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ጊዜው እንደየስቴቱ ይለያል። ቨርጂኒያ እስከ ስድስተኛው ወር ማብቂያ ገደማ ይፈቅዳል። ቴክሳስ ውስጥ ግን የጽንሱ ሕመም ለብቻው ምክንያት አይሆንም። በ16ኛው ሳምንት የተሠራ አምኒዮ ለአንቺ ለማሰብ በቂ ጊዜ ይተውልሻል። የቱን እንደምትመርጪ እኔ አልነግርሽም፤ የንስሐ አባትሽን ማማከር ከፈለግሽም አማክሪ። ግን የተረጋገጠ ውጤት ይዘሽ ሂጂ። በደም ምርመራው ብቻ ተነስቶ እርግዝና ማቋረጥ በፍጹም አይገባም። በዚህ ላይ አልለሳለስም።

ቀጠሮው ላይ አስተርጓሚ ጠይቂ። እንግሊዝኛሽ ለሥራ ቢበቃም ለዚህ አይበቃ ይሆናል፤ ለብዙዎች አይበቃም። ሆስፒታሉ በነጻ ማቅረብ አለበት። ባለቤትሽ አብሮሽ ይግባ፤ ግን አያስተርጉም። የፈራ ሰው የሚከብደውን ዓረፍተ ነገር ይዘላል፣ ወይም ያለሰልሳል። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው በመሆኑ ወሬ ይወጣል ብለሽ ከሰጋሽ በስልክ የሚሠራና ሌላ ስቴት ያለ ሰው ይስጡኝ በያቸው። የዘር ጤና አማካሪ፣ ማለትም ጀነቲክ ካውንስለር፣ እንዲመደብልሽም ጠይቂ። የአምኒዮውን ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ደግሞ ኢንሹራንስሽ ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ ደውለሽ አረጋግጪ።

ለእህትሽ ያለኝ መልስ ሌላ ነው። ይህን የደም ምርመራ ከሁሉ አላስቀድምላትም። እዚያ ያሉ ላቦራቶሪዎች ናሙናውን ወደ ውጭ ነው የሚልኩት፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የማረጋገጫው መርፌ ደግሞ እንዳንቺ አገር በቅርብ አይገኝም፤ ፖዘቲቭ ተብሎ ማረጋገጫ ማጣት ካለመመርመር የባሰ ጭንቀት ነው። አገር ቤት ይበልጥ የሚያሰጋኝ የአከርካሪና የራስ ቅል አለመዘጋት ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩ ከዓለም አማካይ በጣም ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል፤ ኤንአይፒቲ ደግሞ ይህን ጨርሶ አያየውም። የሚያየው ጥሩ አልትራሳውንድ ነው። ገንዘቧን ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ የጽንሱን አካል አንድ በአንድ ለሚያይ ባለሙያ ታውለው። ጀርባን፣ ራስን፣ ልብን አይቶ የሚጽፍ ይሁን፤ «የልብ ምት አለ፣ ደህና ነው» ብሎ የሚሸኝ አይበቃም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት እርግዝናን ማቋረጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ በጊዜ መታየቱ ለማንኛውም ምርጫ ይጠቅማል።

ከዚያም በፊት ፎሊክ አሲድ። የጽንሱ አከርካሪ የሚዘጋው ከተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን የማታውቅበት ጊዜ። ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትሄድ የሚሰጣት እንክብል ለደም ማነስ ይጠቅማታል፤ ለዚህ ግን ዘግይቷል። ስለዚህ ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ጀምራ፣ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ትውሰድ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ወልዳ ከሆነ፣ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋት መጠን እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እሱን ሐኪም አይቶ ይዘዝላት።